ይዘት

ቶሩን ላይ ጥር ነው። ቪስዋ ወንዝን ዳር ዳሩን በረዶ ይዞታል፤
ምድር ቤት ያለው ክፍላችን ግን ስድስት ዲግሪ ላይ ቆሟል።
አይወጣም፣ አይወርድም፤
ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ጣቶቼ አልለመዱትም።

ጠረጴዛው ላይ እንስራ መሰል መስታወት አለ፣ ሆዱ ክብ፣
በስተግራው አየር የሚያስገባ፣ በስተቀኙ የሚስብ።
ውስጡ የሌሊት ወፍ ናት፣ በሽቦ መረብ ላይ በጥፍሯ ተለጥፋ፣
ቁልቁል ተዘቅዝቃ፣ ክንፏን እንደ እርጥብ ጃንጥላ አጥፋ።

በተረቱ፣ የወፎች ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ጥርሷን አሳይታ፣
የአይጦቹ ሲመጣ ደግሞ ክንፏን ዘርግታ
ታመልጥ ነበር አሉ።
እዚህ ግን ማምለጥ የለም፤ እስትንፋሷ ይቆጠራል በሙሉ።
ከገባው ኦክስጅን የወጣው ይቀነሳል፣
ቀሪው በስሟ ይመዘገባል።
እርጥበት የሚጠጣው ሰማያዊ ጠጠር ሮዝ ሲሆን እለውጣለሁ፤
ከፀጉር የቀጠነችው የሙቀት ሽቦ ከጀርባዋ እንዳትላቀቅ አያለሁ።
ልቧ በደቂቃ አሥር ጊዜ ይመታል። አንዳንዴ መሃሉ ይረዝማል፤
ያኔ የሚደነግጠው የኔው ልብ ነው፤ የሷማ ምን ቸገረው፣ ያርፋል።

ይህን መስታወት የነፋው ዜኖን ነው፣ ነፍሱን ይማር።
እሳት ፊት ቆሞ፣ ጉንጩን ወጥሮ፣ የሚንጠባጠብ ማር
የመሰለውን ቅልጥ በዘንግ ጫፍ ሲያሽከረክር አይቻለሁ፤
"ይህ ሁሉ ለሌሊት ወፍ?" ያለበትን ሳቅ ዛሬም እሰማለሁ።
ከታች፣ ከቧንቧው አፍ አጠገብ፣ ምስር የምታክል አረፋ ቀረች፤
"አበላሸሁት፣ ልድገመው" አለ። "ተዋት" አልኩት፣ "ማንን አስቸገረች?"

ካሊና ወጣት ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ስሕተት አታልፍም፤
"ፓኒ ቦዠና፣ ይህ ዕቃ አርጅቷል" ትላለች፤ ውሸቷን አይደለም።
በመገጣጠሚያው ያፈስሳል፤ ቁጥራችንን በጥቂቱ ያዛባል፤
አዲሱ፣ የፕላስቲኩ፣ ሐሙስ ይደርሳል።

ረቡዕ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣
ግራፉ ላይ የተጋደመችው መስመር ቀና አለች፣ እንደ እባብ።
ስድስት። ስምንት። አሥራ አንድ።
በትከሻዎቿ መካከል ያለው ቡናማ ስብ ነው ቀድሞ የሚነድ፤
ከዚያ ደረቷ፣ ከዚያ ሆዷ፣ እግሮቿ መጨረሻ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ።
ማን ቀሰቀሳት? በር አልከፈትኩ፣ አላሳልኩ፣ መብራት አልነካሁ።
የሙቀት ካሜራውን ወደ እሷ አዞርኩና አየሁ፤
ረስቼው ነው፤ በመስታወት አልፎ አያይም፤
ያሳየኝ የራሴን ፊት ነው፣ ግንባሬ የጋለ፣ አፍንጫዬ ጨለማ፣ ሌላ ምንም።
ሃያ አራት። ሠላሳ። መንቀጥቀጧ በመረቡ ይሰማል፤ ኦክስጅኑ ወረደ፤
መንካት ክልክል ነው። እጄ ግን ወደ መስታወቱ ሄደ።
ሠላሳ ሰባት። አርባ አንድ ደቂቃ ፈጀባት።
አንድ ጆሮዋን አዞረች። እንደ ገና ተኛች፤ ያለቀው ስብ ብቻ ቀረባት።

ሐሙስ አዲሱ መጣ፤ ጥርት ያለ ነው፣ አረፋ የሌለው።
ገጣጥሜ ሞከርኩት፤ አያፈስስም። ደግ ዕቃ ነው።
ለአሮጌው የማስወገጃ ቅጽ ሞላሁ፦ ቁጥር፣ ዓመት፣ ምክንያት፤
"ይዘት" የሚል መስመር አለ፤ "ባዶ" ብዬ ጻፍኩበት።

ከዚያ አንሥቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት።
አረፋዋ አለች፣ ከታች፣ ምስር የምታክል፤
ከዜኖን ሳንባ የወጣ አየር፣ ገቢም ወጪም የማይባል።
"ባዶ" የሚለውን ሰረዝኩ። ሌላ ቃል ግን አጣሁ።
ቅጹ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።
ካሊና ትናንት ጠይቃኛለች፤ "ነገ" ብያታለሁ።