ታኮ

ፈሃሂል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል፤
የልብስ ማጠቢያው ማሽን ዞሮ ዞሮ አርፏል።
መስኮት የላት ክፍሌ፤ ካውያው ጥግ ላይ ቆሟል፣
የትንሹ ልጅ ዩኒፎርም ማንጠልጠያው ላይ ደክሟል።

ስልኬ ውስጥ ዘምዘም አለች፣
ጀህራ ሆስፒታል ወለል የምትወለውል፣
ነርሶች ለበሽተኛ ሲሉ የሰማችውን
በድምፅ እየቀዳች ለኛ የምታድል።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» ትላለች፣ «ትንፋሽሽን ቁጠሪ።
ሰላም ያለበት ቦታ ፈልጊና ኑሪ።
ባሕር ይሁን፣ መስክ ይሁን፣ የፈለግሽው ስፍራ፤
ማንም አይጠራሽም፣ የለም እዚያ ሥራ።»

ባሕሩን ሞከርኩት።
ባሕር ለኔ ፎጣ ነው፣ አሸዋ የሞላበት፣
የሁለት ልጅ ጫማ፣ ጨው የደረቀበት።
መስኩንም ሞከርኩት።
ገባሁና ቆምኩ። ምን እንደምሠራ ጠፋኝ።

ይቅርብኝ ሰላሙ፤ ዘምዘም አትቀየሚኝ፣
መሪ ነው የማየው፤ መኪና ስጪኝ።

ቀን ቀን ከሻጂ ጀርባ ነው የምቀመጠው፣
ልጆቹን ትምህርት ቤት ጠዋት ሲያመላልሰው።
ዓይኔ ከእግሩ አይነሣም፤
መቼ እንደሚይዝ ፍሬን፣ መቼ እንደሚለቅ፣
መስመር ሳይቀይር በፊት ስፖኪዮውን በዓይኑ እንደሚሰርቅ።

የዚህ አገር መኪና ግን ማርሹን ራሱ ይቀይራል፤
መንገዱም እኔ እንደተኮስኩት አንሶላ ተዘርግቶ ይቀራል።
ፍሪሲዮን የለ፣ ዳገት የለ።
ታዲያ ዳገት ከየት ላምጣ?
ዳገት በብድር አይገኝ፤ ከራስ ካልመጣ።

ሐረጎን አመጣሁ።
ከኮምቦልቻ በላይ፣ ጠመዝማዛውን ከነጉሙ፣
ስሚንቶ የጫኑትን፣ ጎን ለጎን የሚያቃስቱትን፣ የሚያዘግሙትን።
የአባቴን አይሱዙም። የሱ እንኳ አልነበረ፤
ረዳት ነበር እንጂ፣ ሾፌር ሳይሆን ቀረ።

ዳገት ላይ ሲቆሙ ቀድሞ የሚዘል እሱ ነው፣
ታኮውን ታቅፎ፤ ከኋላ ጎማ ሥር የሚወሽቀው።
የወይራ ግንድ ቁራጭ፤ በዘይት የጠቆረ፣
ስንቱን መኪና ከገደል ያስቀረ።
በሃያ ዓመት ውስጥ ከጭነቱ ምንም አልጎደለ።
ከጣቱ ሁለት።

በመጀመሪያው ሌሊት ሞተሩ አልነሣም አለኝ።
በሦስተኛው ተነሣ፤ ዳገቱ ላይ ጠፋ፤
ወደ ኋላ ስንሸራተት የአልጋው ብረት አነቃኝ።
ዘምዘም ገና ስለ ቢራቢሮ ታወራ ነበር።

በሰባተኛው አባቴን ጠራሁት።
ዘለለ። ወሸቀው። መኪናው ቀጥ አለ።
እንዲህ ሦስት ወር ሄደ፤ እሱ ታኮ ሲያስገባ፣
እኔ መሪ ጨብጬ፣ የሱብሒ አዛን እስኪገባ።

ታኮ ያለው መኪና አይወድቅም፤ እውነት ነው።
አይሄድምም።

ትናንት ማታ መስኮቱን አወረድኩ፣ አንገቴን አወጣሁ።
«አባዬ» አልኩት፣ «አንሣው።»
በጉሙ ውስጥ አየኝ፤ ጥቂት ዝም አለ።
«ነጁ፣ ፍሬኑን ይዘሻል?»
«ይዣለሁ።»
ጎንበስ ብሎ በሦስት ጣቱ አነሣው።

ግራ እግሬን ከፍሪሲዮኑ ቀስ፣ ቀስ እያልኩ ለቀቅሁ፣
ቀኙ ነዳጁን ነካ፤ እስኪይዝ ጠበቅሁ።
መኪናው ተንቀጠቀጠ። እኔም።
ከዚያ አንድ ክንድ ወደ ፊት።
ሌላ አንድ ክንድ።
አባቴ የጭነቱን ጎን ሁለቴ በመዳፉ መታ፣
«ሳበው!» አለ፣ ለሾፌር በሚባልበት ድምፅ።
በስፖኪዮ አየሁት፤ ታኮውን ብብቱ ሥር ይዞ
መሐል መንገድ ላይ ቆሟል። አልተከተለኝም።

ዛሬ ጠዋት ሻጂ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ
በመስተዋት አየኝ።
«እግርሽን ምን ሆንሽ?» አለ፣ በዚያ በስብርባሪ ዓረብኛው።
ግራ እግሬ፣ ምንጣፉ ላይ፣
የሌለውን ፍሪሲዮን ጥርቅም አድርጎ ረግጧል።
«ምንም» አልኩት።
መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።
ቀስ ብዬ ለቀቅሁ።