ነጭ ወረቀት ከቆጡ ሥር

ከገፈርሳ ግድብ ወዲህ፥ አስፋልቱ ከሚያልቅበት፥
ሽብሩ የመታው አለ፥ ባለ ሽቦ የርግብ ቤት።
ኮንዶሚኒየም ሲሠሩ ከተረፈ አጣና፥
የጎበጠ ሚስማር በድንጋይ አቃና፥
ሦስት ረድፍ ቆጥ ሠርቶ፥ ኖራ ቀባባና፥
«ይኼስ ከኔ በላይ ይኖራል» ብሎኝ ሳቀና፥
ሄደ።
ሁለት ክረምት ሆነው።

ርግቦቹ ጥቅምት ላይ መክሳት ጀመሩብኝ።
እህል አልጎደለ፥ ውሃ አልጎደለ፥
ደረታቸውን ብነካ፥ እንደ ቢላ ስለት አጥንት ብቻ አለ።
ጫጩት ጎጆው ውስጥ ገርጥቶ ያድራል፥
የታቀፈው እንቁላል ተጥሎ ይቀራል።
ቀን ቀን ገልጬ አየሁ፥ ክንፍ ሥር፥ ጅራት ሥር፥
ላባቸውን ከፍዬ እንደ ሹሩባ መስመር፤
ምንም የለ።

ጎረቤት ዳኛ ነው። «ዓይን ነው» አለች አንዷ።
«ነጭ ጋዝ ቀቢያቸው» አሉኝ ጋሽ ጉደታ።
ቀባሁ። የግራጫዋ ቆዳ ተልጦ ወረደ።
እስከ ዛሬ እጄን ስታይ ትሸሻለች። እውነቷን ነው።

ሌንሴ በሞተር መጣች፥ ከእንስሳት ጤና ኬላው፤
ወፎቹን አልነካች። ቆጡን ነው ያየችው።
«ነጭ ወረቀት አለሽ? ከሥር አንጥፊና፥
እኩለ ሌሊት ላይ ባትሪ ይዘሽ ነይና፥
እዪው» ብላኝ ሄደች።
ቤት ውስጥ ነጭ ብፈልግ፥ የሽብሩ የእድር ደረሰኝ፥
ጀርባው ብቻ ነው ባዶ ሆኖ የተገኘልኝ።

ውሾቹ ዝም ሲሉ ባትሪዬን አበራሁ።
ወረቀቱ ላይ በርበሬ ተነስንሷል፤
የሚሄድ በርበሬ።
በጣቴ ጫን ብዬ ሳብ አደረግሁት።
ቀይ መስመር ወጣ።
የርግቦቼ ደም፥ ደረሰኝ ጀርባ ላይ፥ እንደ ፊርማ።

ቅንቅን።
ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተኝቶ፥ በጨለማ ወጥቶ፥
ከእንቅልፋም ደረት እስኪቀላ ጠጥቶ፥
ሳይነጋ ቤቱ የሚገባ፥ እንደ ጨዋ አባወራ።
እኔ ሌባውን ከወፏ ገላ ላይ ስፈልግ፥
እሱ ኗሪ ነው፤ ሽብሩ በመታው ሚስማር ዙሪያ፥
ሽብሩ በሰነጠቀው፥ ሽብሩ በገጠመው።
ማታ ማታ እዚያ ተቀምጬ ስገባ፥ ክንዴን ሲያሳክከኝ፥
ሐዘን ነው እንቅልፍ የነሳኝ ብዬ ነበር፤
ለካ ከሐዘኔም ግማሹ ቅንቅን ኖሯል።

«ቆጡን አቃጥዪው» አለች ሌንሴ በስልክ፥
«የቀረውን በፈላ ውሃ። ስንጥቁን በኖራ።
በሰባት ቀን እንደገና እዪ፤ እንቁላሉ ይፈለፈላል።»
«የቆጡን አወርድ ብላ» ሲተረት እስቅ ነበር፤
ቆጡን ማውረድ ራሱ እንዲህ መክበዱን ማን ነግሮኝ ነበር?
ሦስት ቀን መዶሻው ከደጃፍ ተቀምጦ አየኝ።

በአራተኛው ቀን ቧንቧው ሥር አንዲት ዋኔ ወደቀች።
ከዓይኗ በላይ መዥገር፥ ሽምብራ አክሎ፥ አብጦ።
የዱር ናት፤ ቤት የላት፥ ቆጥ የላት፥ አናጢ የላት፥
ጠላቷ ግን በዓይን ይታያል። ታድላ።
ወረንጦ አመጣሁ፤ ከቆዳዋ አስጠግቼ ያዝኩት፥
ሳልጨፈልቅ፥ ሳልጠመዝዝ፥ ቀጥ አድርጌ ነቀልኩት፥
እግሩን እያንፈራገጠ አልኮል ብልቃጥ ውስጥ ጣልኩት።
ልቧ መዳፌ ውስጥ እንደ ስፌት መኪና።
ከዚያ ወደ ባሕር ዛፉ በረረች፤
ዞር ብላ እንኳ አላየችኝ። ደስ አለኝ።

መዶሻውን አነሳሁ።

ርግቦቹን በሙዝ ካርቶን ወጥ ቤት አሳደርኩ።
ኖራው እየጠቆረ፥ አጣናው እየተንጣጣ ነደደ።
አመዱን ሳልደፋ፥ የጋሽ ጉደታ ዶሮ በአጥር ሾልካ
ተንከባለለችበት፤ ከባለቤቷ ይልቅ መድኃኒት ታውቃለች።
አንድ ሳንቃ ብቻ አስቀረሁ፤ በእርሳስ ጽፎበታል፥
«ስልሳ በአርባ»፥ በዚያ በተጋደመ ፊደሉ።
ሦስቴ የፈላ ውሃ ደፋሁበት። ቅንቅኑ ሞተ፤ እርሳሱ አልለቀቀም።
ከደጅ፥ ከበሩ አናት ሰቀልኩት፤ ከሚተኙበት ራቅ አድርጌ።

ዛሬ ሰባተኛው ሌሊት ነው።
አዲስ ቆጥ፥ አዲስ ወረቀት፥ ያው ባትሪ።
ግራጫዋ አንገቷን ክንፏ ውስጥ ቀብራለች።
ወረቀቱ ላይ አንዲት ነጥብ አለች።
ትንፋሼን ውጬ፥
ትሄድ እንደሆን እጠብቃለሁ።