ቀብድ

እቁቡ ወጣልኝ፤ ሐሙስ ማታ፣ በአስራ ሰባተኛው ዕጣ፤
ብሩን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬው ስመጣ
ዘይነባ በር ላይ ቆማ፣ ፊቴን አይታ "ወጣ?" አለች።
"ወጣ" አልኳት። ሌላ ነገር አልጠየቀች፤
ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

ጣሪያው፣ እውነቷን ነው፣ ያፈሳል።
ሐምሌ ላይ ጦሳ ጭጋጉን ሲለቀው፣ መኝታ ቤት ድረስ ይዘልቃል፤
ባልዲው ከቁምሳጥኑ ሥር፣ ሳፋው ከአልጋው ግርጌ ይሰለፋል።
አስራ አራት ቆርቆሮ፣ ቆጥራዋለች። ምስማሩ ሳይቀር ተቆጥሯል።

እኔ ግን የወፍጮ ሐኪም ነኝ፤
ድንጋይ ስወቅር፣ ቺንጋ ስቀይር፣
ዛሬ ኩታበር፣ ነገ ሐርቡ፣ ከነገ ወዲያ ገርባ ነኝ፤
ሰው እህሉን አራግፎ፣ መንገድ መንገዱን እያየ "የት ደረስክ?" የሚለኝ።

አሮጌዋ ሞተሬ መቶ ሲሲ ናት፤ ዕድሜዋን እሷም አታውቀው፤
ሰልባጥዋ በሽቦ የታሰረ፣ ፍሬኗን ዱዓ የሚጠብቀው።
ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣው
ሲኖትራኩ ጡሩንባ ነፍቶ፣ ጥላሸቱን ፊቴ ላይ ሲደፋው፣
አህያ የሚነዳ ገበሬ "እንዴት ዋልክ?" ብሎኝ ያልፋል፣
መልሴን እንኳ ሳልጨርሰው።

አዲሷ ኮምቦልቻ ናት።
ሐጂ ሙሔ ከመናኸሪያው ማዶ፣ መስታወት ውስጥ አቁመዋት፤
ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ባለ አንድ ፒስተን፣
የጎማዋ ፀጉር እንኳ ያልረገፈላት።
"ትልቅም አይደለች፣ ትንሽም፤ ልክ ናት" አሉኝ፣
"አንድ ልብ ነው ያላት፣ እንደ ቅን ሰው።"
ሳቅሁ። ነጋዴ ግጥም ሲጀምር እጄ ወደ ደረት ኪሴ ይሄዳል፣
ብሩ መኖሩን ሊዳስሰው።

ሽበሺን ጠየቅሁት፤ ሰኞ ገበያ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ እስከ ክርኑ ግራሶ።
"አንድ ፒስተን ማለት አንድ ካንዴላ ነው" አለኝ፣ የክብሪት እንጨት ነክሶ፤
"ስትታመም የት እንደታመመች አታጣም።
ብቻ ትነዝርሃለች፤ ሰማንያን ስትነካ እጅህ የአንተ አይሆንም፣
ወርደህ ሻይ ብትይዝ አይረጋም።
ኢንጀክሽን ናት ይሉኛል ደግሞ፤ ኮምፒውተር ካልሰካህባት አትናገርም፤
እኔ ያለኝ ጆሮ ብቻ ነው፤ ጆሮ ሽቦ አያነብም።"
ቤንዚንስ? ሰልፉ ከጧት እስከ ቀትር ነው። አሮጌዋ ጥሙን ለምዳዋለች፤
አዲሷ ግን ስትታይ ጀምሮ ትጠጣለች።

ቅዳሜ ሐጂ ቁልፉን ወረወሩልኝ፤ "ሐረጎን አሳያት" አሉ።
ወጣሁ። አልወጣሁም፣ ተስፈነጠርሁ እንጂ፤
በሦስተኛ፣ ከዚያ በአራተኛ፤ ሲኖትራኩን ከነጥላሸቱ ተውሁት፤
አንዱ ጥምዝ ሳያልቅ ሌላው ሲቀበለኝ፣ ቦርከናን ከታች ሲያንስ አየሁት፤
ደረቴ ውስጥ ሃያ ዓመት የታጠፈ ነገር ሲዘረጋ ሰማሁት።

አናቱ ላይ ጋሽ ይመር አሉ፤
በለስ የሚሸጡ፣ ዓይናቸው ከደከመ የቆየ።
አሮጌዋ እዚያ ትግላለች፤ ካልቀዘቀዘች አትሄድም።
እሳቸው እሾሁን ያራግፋሉ፣ እኔ እበላለሁ፤
ስለ ዝናቡ፣ ጅዳ ስላለችው ልጃቸው፣ ስለ ጉልበታቸው
ሳናሳጥር እናወራለን።
ስድስት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በዚሁ ሰዓት።

ያን ቀን ግን አልጋለችም።
ካለፍኋቸው በኋላ ነው በስፖኪዮው ያየኋቸው፤
ሁለት በለስ ልጠው፣
ጆሯቸውን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥተው
እኔን ሲጠብቁ።

ዞርሁ። ቆምሁ።
"ማነህ?" አሉኝ።
"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"
"ድምፅህስ እሱ ነው፤ አመጣጥህ ግን አይደለም።"
በለሱን ተቀበልሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሽበሺ እንዳለው፤
የሞተሩ ይሁን የእኔ፣ እስካሁን አልለየሁም።

ሐጂን "ነገ እመጣለሁ" አልኳቸው።
"ና፤ የነገውን ዋጋ ግን እኔም አላውቀው" አሉኝ።
አልዋሹም። ብር ፌስታል ውስጥም ሆኖ ይመነምናል።

አሁን ሌሊት ነው፤ ይዘንባል።
ሳፋው ላይ
ጠብ
ጠብ
ጠብ
ጋዝ ሳይሰጧት ቆማ የምትሠራ፣ ያልቸኮለች፣ አንዲት ሞተር ይመስላል።
"ምን ወሰንህ?" አለችኝ ዘይነባ፣ በጨለማው።
"እየሰማሁ ነው" አልኳት።
"አንተ ስማ" አለች፣ ከብርድ ልብሱ እየወጣች፤
"የምደፋው እኔ ነኝ።"