ሁለት ኪሎ ውኃ

እኔ ነኝ ሚዛን ያዥ፣ በሃተን ዳገት ላይ፣
ጭጋግ ከሻይ ተክሉ በማይለይበት ሰማይ።
ሰማንያ ሴቶች ቅርጫታቸውን አዝለው፣
በግንባር ላይ ገመድ ሸክሙን አንጠልጥለው፣
አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ እኔ እመዝናለሁ፤
ከእያንዳንዷ ቅጠል ሁለት ኪሎ እቀንሳለሁ።

“ለዝናቡ ነው” እላለሁ፣ “ለጤዛው፣ ለእርጥቡ፣
ለቅርጫቱ ክብደት።” ደንቡ ነው፣ ደንቡ።
ማን እንዳወጣው ግን አላውቀውም እኔም፤
መዝገቡ ያዛል እንጂ፣ ሰው አልጠየቅሁም።

እናቴም ቀጥፋለች እዚሁ መስመር ላይ፤
ስትሞት ጣቶቿ ጥቁር ነበሩ፣ ከሻይ።
እኔ ፊደል ቆጥሬ ወንበር አገኘሁና
ከአልቅቱም ከጭቃውም ወጣሁ በምስጋና።

ፓኪያም ትባላለች አንዷ፤ “ሲሳይ” ነው ትርጉሙ፤
ሲሳዩ ግን አርባ ዓመት አልወጣም ከስሙ።
የካቲት ነበረ። ሰማዩ ጠርቶ፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ ደመና ጠፍቶ፣
ቅጠሉ በመዳፍ ይንኮሻኮሻል።

“ሃያ አንድ” አልኋት፣ “ሲቀነስ አሥራ ዘጠኝ።”
ቅርጫቷን አወረደች፤ ቆመችና አየችኝ።
“ዝናብ የለም ዛሬ፣ ጤዛም የለም” አለች፤
“የምን ውኃ ቀነስህ?” ግንባሯን ጠረገች፣
መዳፏን ዘረጋች። ያብለጨልጫል ላብ።
“ይኼ ነው ወይ ልጄ፣ የምትለው ዝናብ?”

እጄ ግን ጻፈ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ እንደለመደ።
ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ።

ማታ በደብዳቤ ጀርባ ሒሳቡን ሠራሁት፤
ሁለቱን ኪሎ በሰማንያ ሴት አባዛሁት፤
መቶ ስድሳ ኪሎ በየቀኑ፣ በመዝገብ ማንም ያልቀጠፈው፣
ግን ደርቆ፣ ታሽጎ፣ መርከብ ላይ የሚያርፈው፣
የሆነ አገር፣ የሆነ ሰው፣ ስኳር ጨምሮ የሚጠጣው፤
ከሰማይ የወረደ ሻይ፣ እጅ ያላወጣው።

ሀብት የሚሉት ነገር ከየት እንደሚጀምር
ሊቃውንት ይሟገቱ። እኔ ያየሁት ግን፣
የመቀነስ ምልክት፤ አንዲት አጭር መስመር።
ጉልበተኛ አይደለሁም፤ ጅራፍም አላነሳሁ፤
ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ በእርሳስ ነው የነሳሁ።
በመዝገቡ ግን እሷ ናት “ቀጣፊ”፣ እኔ “ጸሐፊ”።

በሳምንቱ ዘነበ። ዳገቱ ጎረፈ።
ፓኪያም መጣች፤ ከሳሪዋ ጫፍ ውኃው እየተንጠፈጠፈ፣
ቅርጫቷን ሰቀለች፣ ፈገግ አለችና፦
“ዛሬስ ተገላገልህ፤ የምትቀንሰው አለና።”