እምብርቱን አልነካም

ከአሮጌው ወፍጮ ጀርባ፣ ፍኖተ ሰላም ዳር፣
ጠርሙስና አጥንት ነበር የሚያበቅል ያ አፈር።
ለቅመን ለቅመን አወጣነው፣ አርባ የማዳበሪያ ጆንያ፣
አንድ አካፋ ሰበርን፣ አንድ ዶማ ከነዛቢያ።
ቀበሌው «ውሰዱት» አለን፤ ማንም ያልፈለገው ነው፣
እኛም ማንም ነንና፣ ለእኛ ለማንም ሰጠው።

አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ሞላልኝ ልብስ ሰፊው፣ ነርሷ፣
ባጃጅ ነጂው የኔሰው፣ በጋውን ከላህ ውሃ ጫኝ በእርሷ፣
እኔ ደግሞ መዝጋቢ፣ እጄ ለዶማ የማይሆን፣
ስም በመስመር የምጽፍ፣ ማን ስንት እስር እንደወሰደ፣ ቀኑን።

የመጀመሪያው ቲማቲም አገዳው ላይ እንዳለ ጠቆረ፣
ሽንኩርቱን ውሃ በላው፣
ካሮቱ ከጠርሙስ ስባሪ ጋር ተጠማዞ አደረ።
ልጆቹ ግን እየሳቁ በሉት፣ ሁለት እግር ያለው ካሮት፤
«ሱሪ ይሰፋለት» አለ አንዱ፣ ሞላልኝን እያየው በኩራት።

የሚመጡት እነማን ናቸው?
«ከምግብ በኋላ ይዋጥ» ተብሎ የተጻፈላቸው፣
ኪኒኑ በነፃ ሆኖ፣ «ምግብ» የሚለው የከበዳቸው፤
ቤታቸውን ጥለው የመጡ፣ በትምህርት ቤት ክፍል ያደሩ፣
ልጆቻቸው በሰሌዳው ሥር ተኮራምተው የሚቆጠሩ፤
እትዬ ይታይሽ ደግሞ፣ ልጅ ወልደው ልጅ የሌላቸው፣
ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፣ ዘንቢሉ እየቀደማቸው።

በፍልሰታ ሁለተኛ ቀን፣ ጭጋጉ ሳይነሣ ገና፣
ሁለት መደብ ጎመን ተላጭቶ ጠበቀን፤
የሌሊት ሥራ፣ ያለ ፋና።
«ሌባ!» አለ ሞላልኝ፣ መቀስ እንደያዘ እጁ፣
«ከድሃ ጉሮሮ ነጥቆ! ምን ሊያጎርስ ነው ለልጁ?»
እኔም ሮጥኩ ወደ ሱቅ፣ ቁልፍ ገዛሁ፣ የቻይና፣
ሦስት መቶ ብር ከኪሴ፤ ባለሱቁም «ደረሰኙ ይኸው» አለና።

ባንቺአምላክ ግን፣
ቅዳሜ ገበያ ቅጠል ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች፣
ዝም ብላ መጥታ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከከች፣
አንዱን ግንድ በሁለት ጣት ይዛ፣ ወዲያ ወዲህ አገላበጠች።
«እስቲ እዩት አቆራረጡን። ከታች ከታች ነው የወሰደው፣
እምብርቱን አልነካም። ለጋውን ለእኛ ነው የተወው።
ሌባ ቢሆን ይነቅላል። ይህ ሰው ጎመን አሳድጓል።
ይህ ሰው፣ ሞቼ እገኛለሁ፣ ማሳ ነበረው፤ ትቶት መጥቷል።»

ዝም አልን።
ሞላልኝ መቀሱን ኪሱ ከተተ።
እኔ መዝገቤን ገለጥኩ፣ ስም ፈለግሁ ከላይ እስከ ታች፣
ሰባ አራት ስም አለ፤ እርሱ የለም። መስመሬ ሰው ትታለች።
ተሰልፎ፣ ስሙን አስጠርቶ፣ ሰው እያየው በጠራራ፣
እጅ መዘርጋት ይከብዳል፣ ትናንት ለቆመለት ጎተራ።

ያን ማታ በሩን ገርበብ አድርገን፣ ዶማ ከጎኑ አቆምን።
ማንም ማንንም አላዘዘም። ዝም ብለን ሄድን።
ሲነጋ ዶማው ጭቃ ነክቷል። ከካሮቱ መደብ ግድም
አዲስ ትልም ተቆፍሯል፣ ቀጥ ያለ፤ እኛ እንዲያ አንችልም።

እኔ የኔሰውን እጠረጥራለሁ፤ ማለዳ ይነሣል፤
«እኔ አይደለሁም» ይላል። ግን የኔሰው ይዋሻል፣
ሰው ደስ እንዲለው ብሎ።
ባንቺአምላክ ይህን ስትሰማ ትስቃለች፦
«የባጃጅ ነጂ ትልም እንዲህ ቀጥ አይልም!» ትላለች።

አላየነውም እስከ ዛሬ። መስቀል አለፈ፣ ጥቅምት ነፈሰ፣
ትልሙ በየሳምንቱ አንድ ክንድ ሲጨምር፣ እስከ አጥሩ ደረሰ።
በመዝገቡ ሰባ አምስተኛ መስመር ላይ ስም አልጻፍኩም፣
ሰረዝ ብቻ፤ «ሁለት እስር»። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው፤ አልሞላሁም።

ቁልፉ ቤቴ ሚስማር ላይ፣ ከነማሸጊያው ተሰቅሏል፣
ሚስቴ «ሦስት መቶ ብር!» ስትል፣ ጆሮዬ ሌላ ይሰማል።
ደረሰኙ ግን ጠቀመኝ፤ መዝገቡ ውስጥ አስገብቼው፣
ያችን ሰባ አምስተኛ መስመር ቶሎ የማገኝበት ነው።