ከሱፉ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ

አምና በጸደይ ነው፣ የጎቢ ነፋስ ሲያፏጭ፣
ጥቁሯ ፍየላችን ጥርሷን ስታፋጭ፤
ቀኗ ገና ነበር፣ አንድ ወር ይቀራል፣
ግልገሉ ግን ሞቶ በእግሩ ብቅ ብሏል።
እኔ ነኝ የጠራሁሽ። «ኖሚን፣ ነይ ሳቢው፣
የኔ እጅ አካፋ ነው፣ ያንቺ ነው የሚገባው።»

መጣሽ። አምስት ወርሽ ነው።
ሆድሽን ደግፈሽ ተንበረከክሽ፣
እጅጌሽን ሰብስበሽ በባዶ እጅ ሳብሽ፤
እንግዴ ልጁ ሲቀር እሱንም አወጣሽ፣
በካባሽ ጫፍ አብሰሽ ሻይ ልታፈዪ ገባሽ።
የሞተውን እኔ ለውሻው ጣልኩለት፤
በእኛ ሰፈር ይኼ ምን አለው አዲስነት?

ሦስት ሳምንት አለፈ።
ከዚያ ትኩሳቱ መጣ፣ እሳት ሊጭር እንደመጣ ጎረቤት፣
ሳይቀመጥ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ በእኩለ ሌሊት፤
ላብሽ ፍራሹን አልፎ ምንጣፉን አራሰው፣
ወገብሽን ቁርጥማት እንደ ልጓም ያዘው።
እናቴ ጉልበትሽን በበግ ላት አሸችው፣
«የጸደይ ብርድ ነው» ብላ ደመደመችው።
እኔም አመንኳት፤ ማመን ይቀላል፣
ያስወረዱትን ፍየሎች ከመቁጠር ይሻላል።

ዘጠኝ ነበሩ።
ለእንስሳት ሐኪሙ ትንፍሽ አላልኩም፤
«መንጋህ ይታረድ» ይለኛል ብዬ ፈራሁ፣ ልጄን አላሰብኩም።

ሣሩ ጫፉን ሲያሳይ ልጃችን ወጣ፣ ድምፅ ሳያሰማ።
በነጭ ሱፍ ጠቀለልሽው። በጆሮው ምን አልሽው? ያንን ማን ሰማ?

ሐኪሟ ኦዩንጌሬል በሞተር ሳይክል መጣች፣
ደምሽን በብልቃጥ ቀድታ ከተማ ወሰደች፤
ስትመለስ ወረቀት ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች።
«ስንት ፍየል አስወረደ? ማነው የነካው? በምን እጅ?» አለች።
እኔ ጫማዬን አየሁ። አንቺ እኔን አየሽ።
«እኔ ነኝ» አልሽ፤ ሁለት እጅሽን ዘረጋሽ።
ያልጠራሁሽ ያህል ዝም አልኩ አጠገብሽ።

ስድስት ሳምንት ኪኒን፤ መርፌም ነበረበት፤
ያልፈላ ወተትም ጠፋ ከዚያ ወዲህ ከቤት።
የእንስሳት ሐኪሙን ራሴው ሄጄ አመጣሁት፤
ዘጠኙን ነገርኩት።

*

ዘንድሮ ሰባት ወርሽ ነው፤ ከሱፉ ወዲያ ማዶ ነሽ፣
እኔ ቢጫ ጓንት እስከ ክርኔ፣ ከበጓ ኋላ፣ ስጠብቅሽ።
«ባዛርሳድ፣ ምን ነካህ?» ትያለሽ፤ (በሁለቱም ፍቺው።)
«እግር ነው።»
«የፊት ነው የኋላ?»
«እኔ እንጃ!»
«ጉልበቱን ፈልግ፤ ወዴት ነው የሚታጠፈው? ቀስ በል፣ አትቸኩላ!»
ሃያ ዓመት መንጋ ነድቻለሁ፣ ተኩላ አባርሬአለሁ፣
እጅሽ ምን ያውቅ እንደነበር ግን ዛሬ ገና አወቅሁ።

ወጣ። ተነፈሰ። እናቲቱ ግን ሸሸችው፣
በአፍንጫዋ ገፍታ በረዶው ላይ ጣለችው።
ያን ጊዜ ከውስጥ ጀመርሽ፦ «ቶይግ... ቶይግ... ቶይግ...»
ሴቶቻችን ልጇን ለካደች በግ የሚያዜሙት፣
አንገቷን እያሹ ሆዷን የሚያባቡት።
ማሸት የለም ዘንድሮ፤ ድምፅሽ ብቻውን መጣ፣
እንደ ሻይ እንፋሎት በሱፉ ስንጥቅ ወጣ።
ረጅም ነበር። ሁለቴ ዜማሽ ተቆረጠ፤
በሁለተኛው አምናን እንዳሰብሽ ገባኝ፣ ልቤ ደነገጠ።
ቀጠልሽ።
በጓ ጆሮዋን አቆመች፣
ዞረች፣ አሸተተች፣
ላሰች።

ልብሴን ውጭ አውልቄ፣ በሳሙና ተፈትጌ፣ እየተንዘፈዘፍኩ ገባሁ፤
«አምጣ እጅህን» አልሽ፤ አሽተሽ «ድገመው» አልሽ፤ ወጣሁ፣ ደገምኩ፣ ሰጠሁ።
ሆድሽ ላይ አኖርሽው።
ከውስጥ አንድ ነገር ረገጠኝ።
«የፊት ነው የኋላ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ውጭ ሌላዋ ጮኸች። ገና አርባ ሦስት አሉ።
ጓንቱን ፈለግኩ።