ስንት ይነፋ?

ብስክሌቷን የሸጠልኝ ሙሄ፣ ቀጭን ሰው ነው፤
ሸሚዝ አይለብስም፣ ሸሚዙ ነው የሚሸከመው።
ጎማዋም እንደ እሱ፣ አውራ ጣት አይሞላ፤
እኔ ደግሞ የክር ፋብሪካ ምሳ ያደለበው ገላ።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁለት ጊዜ፣ ኮብልስቶኑ ላይ
ተነፈሰችብኝ፣ በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ።
እየገፋሁ ወሰድኳት፣ ከቦርከና ድልድይ አጠገብ፣
አሊጋዝ ዘንድ፤ ጎማ ዳስሶ እንደ ደብዳቤ የሚያነብ።

ካላማዳሪያውን መዞ፣ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ አሳየኝ።
«ሚስማር አይደለም» አለኝ፣
«የራስህ ቸርኬ ነው የበላት፤
አሳንሰህ ነፍተህ፣ ድንጋይ ላይ ጣልካት።»
«ሙሄ ሃምሳ ነው ያለኝ» ብል፣ ሳቀብኝ አሊጋዝ፤
«የሙሄ ሃምሳ የሙሄ ነው፤ በብድር አይያዝ።
ሂድ ተመዘን!»

ማዶ፣ ከባጃጅ ተራው ጎን፣ ሚዛኑን ዘርግቶ
የሚውል ልጅ አለ፤ ብሬን ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣
«ዘጠና አራት!» ብሎ ጮኸ፤ ግማሽ ኮምቦልቻ ሰማ፤
ያን ቁጥር ይዤ ተመለስኩ፣ ወደ አሊጋዝና ወደ ጎማ።

ሰፋ ያለ አወጣ፣ ሁለት ጣት የሚጠጋ።
«ቀጭኗ ፈጣን ናት፤ ግን ለአንተ ዓይነት ሥጋ
ድንጋይ የሚያህል አየር ትፈልጋለች፤
ያን ጊዜ ደግሞ ወገብህን ትቀጣለች።
ሰፊው በልኩ አየር ይበቃዋል፤
ጠጠሩን አይጣላም፣ አቅፎት ያልፈዋል።»
«ይኸው ሃምሳህ!» አለ ሲጨርስ፤ «ቁጥሩ ያው፣ ጎማው ሌላ»፤
የፊቱን አርባ አደረገው፣ ሃምሳውን ለኋላ።
«ደሴ በአይሱዙ ጭነሃት ወጥተህ፣ ሐረጎን በዝናብ ስትወርድ፣ ቀንስ፤
ጠጣር ጎማ ይነካል እንጂ አይዳስስ።»

ያኔ ልጄ ሉባባ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤
ከኋላዬ፣ መጫኛው ላይ፣ ሸሚዜን ጨምድዳ ትቀመጣለች።
አሊጋዝ በየመስከረሙ፣ ትምህርት ሲከፈት፣
«አምጣት» ይለኛል፤ ብድግ ያደርጋታል ከመሬት፣
ሚዛን አያሻውም፤ ከፍ ዝቅ አድርጎ ሞክሮ፣
ፓምፑን ይረግጣል፣ ለእሷ ድርሻ ጥቂት ጨምሮ።
ቁመቷን በበር መቃን ላይ ያሰመረ የለም እቤታችን፤
እድገቷ የሚነበበው በኋላ ጎማችን።

ዘንድሮ፣ ስምንተኛ ክፍል፣ አልወጣችም ከኋላዬ፤
«ከጓደኞቼ ጋር በእግሬ እሄዳለሁ፣ አባዬ።»
«እሺ» አልኩ። ምን ይባላል? ፔዳሉን ረገጥኩ፤
ኮብልስቶኑ ጋ ስደርስ፣ እንደ ባዶ በርሜል ዘለልኩ።
የኋላው ይነጥራል፤ ድንጋዩ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል፤
ለሁለት ሰው የተነፋ አየር፣ ለአንድ ሰው ይበዛል።

አሊጋዝ ጋ አልቆምኩም። ከድልድዩ ወዲህ ወረድኩ፣
ቫልቮላውን ከፍቼ፣ በጥፍሬ ጫን አልኩ፤
ፍስስስ አለ፣
ስድስት መስከረም ነው የወጣው፤
ሞቅ ያለ ትንፋሽ፣ የላስቲክ ሽታ ያለው።

ሁሉን ግን አላስወጣሁም፤ ጥቂት አስቀረሁ፣ ሆን ብዬ፤
ስትመለስ ቀትር ነው፣ ማን ያውቃል፣
«ደከመኝ» ትል ይሆናል፣ «አባዬ።»
እስከዚያ እየነጠርኩ ልሂድ፣ ወደ ሥራዬ።